ከየቤቱ አንድ እባብ

ሐሳቡ የእኔ ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልረፍ። ሊቀመንበሩ አላሉትም፣ ኮሚቴው አልመከረበትም። እኔ አስቴር፣ የዕድራችን ጸሐፊ፣ ከወንበሬ ተነሥቼ «ከየቤቱ አንድ የተገደለ እባብ ይምጣ፤ ያመጣ ራይት ይደረግለታል፣ ያላመጣ እንደ ቀሪ ይቆጠራል» አልኩ። ሰው አጨበጨበልኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ተቀመጥኩ።

ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ካልነገርኳችሁ የሚቀጥለው አይገባችሁም። የምሠራው ባህል አዳራሽ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ፋይል እከፍታለሁ፣ ፋይል እዘጋለሁ፣ ቁጥር እሰጣለሁ። አለቃዬ «ፋይል ጠፋ» ካሉ ሽንጤን ገትሬ «እኔ ጋ ፋይል አይጠፋም» የምል ሴት ነኝ፤ እውነትም ጠፍቶ አያውቅም። ይህንኑ አመሌን ይዤ ነው ዕድር ውስጥ የገባሁት። ከእኔ በፊት የነበረው ጸሐፊ ይሉኝታ እየያዘው ያልመጣውንም «መጣ» ብሎ ይጽፍ ነበር። እኔ ስመጣ ይሄ ቀረ። ቀብር ላይ ስም እጠራለሁ፤ «አለሁ» ላለ በሰማያዊ ራይት፣ ዝም ላለ በቀይ ኤክስ። በደንባችን ሦስት ቀይ ያለበት ሰው ከመዝገብ ይሰረዛል። ዕድር የሌለው ሰው ማለት ምን እንደሆነ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ድንኳን የለው፣ አግዳሚ ወንበር የለው፣ ሬሳ የሚያነሳለት ትከሻ የለው። ስም ስጠራ ሰው ሲደነግጥ ሳይ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ሰፈራችን ከሐዋሳ ሐይቅ ብዙም አይርቅም። በዚያ ዓመት ክረምቱ በረታና ሐይቁ ሞልቶ፣ ቄጠማውን አልፎ፣ እስከ ታችኞቹ ቤቶች አጥር ድረስ መጣ። ከውሃው ሸሽቶ ወደ እኛ ያልወጣ ነገር የለም፤ እንቁራሪቱም፣ አርጃኖውም፣ እባቡም። አንድ ጠዋት ዓሣ ጠባሿ ሙሉነሽ ከማገዶ ክምሯ እንጨት ልትመዝ እጇን ስትሰድ እባብ ነደፋት። ክንዷ አብጦ ጭኗን አከለ። ባጃጅ ላይ ጭነን ሆስፒታል አደረስናት፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈች፤ ሁለት ጣቶቿ ግን ዛሬም አይታጠፉም። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ እንቅልፍ አጣ። ገመድ ያየ ይጮኻል፤ የውሃ ጎማ የረገጠ ይዘላል። ስብሰባው የተጠራው በዚህ ፍርሃት መሐል ነው።

«የጽዳት ዘመቻ ብንጠራስ? ሣሩን ብናጭድ፣ ክምሩን ብናነሳ?» ያለም ሰው ነበር። «ተዉ እባካችሁ! ጽዳት ዘመቻ ላይ ሰው አካፋውን ተደግፎ ወሬ ነው የሚያወራው። የሚቆጠር ነገር ያስፈልጋል» ብዬ ያፈረስኩት እኔ ነኝ። የእባቡ ዘመቻ ለቅዳሜ ተቆረጠ።

ዓርብ ከሥራ ስመለስ ጋሽ ዱካሞ በሬ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ጋሽ ዱካሞ ከእኛ ሦስተኛው አጥር ውስጥ፣ በአሮጌ የጭቃ ቤት፣ ከባለቤታቸው ከእማማ አየለች ጋር የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሐይቁ ዳር ጀልባ ሲጠብቁ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። እማማ አየለችን የስኳር በሽታ አልጋ ላይ ካዋላቸው ቆይቷል፤ ከጉልበታቸው በታች ምንም አይሰማቸውም። የሚያጥቧቸው፣ የሚያጎርሷቸው፣ የሚያገላብጧቸው ጋሽ ዱካሞ ናቸው። ጥለዋቸው መውጣት ስላልቻሉ በዚያ ዓመት ሁለት ቀብር ቀርተውብኛል። ሁለቱንም በቀይ አድርጌአለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ጋሽ ዱካሞ አፋቸውን የፈቱት በሲዳሙ አፎ ነው፤ አማርኛን የለመዱት ጎልምሰው ስለሆነ ወንድና ሴት ይደባለቅባቸዋል። ሁሉም ነገር «እሷ» ነው። አንድ ጊዜ በስብሰባ ላይ ወደዚያ ባለ ሪዙ ሊቀመንበራችን እያመለከቱ «እሷ ያለችው ልክ ነው» ብለው ሰው በሳቅ ፈንድቷል። ስለዚህ እሳቸው «እሷ» ሲሉ «ማንን ነው?» ብሎ መጠየቅ የሰፈሩ ልማድ ነበር።

«ደህና ዋልሽ አስቴርዬ» አሉኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው ቆሙ ጋሽ ዱካሞ? ይግቡ እንጂ።»

«አልገባም፤ አየለች ብቻዋን ናት። አንድ ነገር ልለምንሽ ነው የመጣሁት። እሷን ተዪልኝ።»

«እማማ አየለችን? እሳቸውን ደግሞ ማን ነካብዎ?»

«አየለች አይደለችም። እሷ። ግድግዳ ውስጥ ያለችው።»

ክው አልኩ። «እባብ ነው የሚሉኝ?»

«ቡናማዋ። ቀጭን ናት። ስንት ዓመቷ እኛ ቤት! መርዝ የላትም፣ ሰው አትነካም። ቀን ትተኛለች፤ ሲመሽ ትወጣለች፣ አይጥ ትበላለች፣ ትገባለች። እኔ ቤት አይጥ አይተሽ ታውቂያለሽ? የለም። በእሷ ነው።»

«ኧረ ጋሽ ዱካሞ! ሰው ከእባብ ጋር ይኖራል? ለአይጥ ድመት አለ አይደል?»

«ድመት አየለችን ያስላታል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አስቴርዬ፣ አየለች እግሯ ሞቷል። አይጥ ቢበላት አታውቅም። እኔም እንቅልፌ ከባድ ነው፣ ጆሮዬም ደክሟል። እሷ ናት የምትጠብቃት።»

ቃል በቃል ይህንን ነው የነገሩኝ። አልገባኝም ብል ውሸት ነው። የአማርኛቸው ችግር ነው ብል ደግሞ የባሰ ውሸት ነው። በደንብ ሰምቻለሁ። ግን በቦርሳዬ ውስጥ የነገው ስም ዝርዝር፣ በማስመሪያ ተሰምሮ፣ በቤት ቁጥር ተደርድሮ ተቀምጧል። ለአንድ ሰው ከተውኩ ነገ ሁሉም ሰበብ ይዞ በሬ ላይ ይሰለፋል ብዬ አሰብኩ።

«ጋሽ ዱካሞ፣ ሁለት ቀይ አለብዎ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ።»

«ሦስተኛው ከመጣ የምሰርዝዎ እኔ አይደለሁም፤ ደንቡ ነው። ሁሉም በእግዚአብሔር እጅ ነው፤ ግን አሁን ዕድር የሚያስፈልግዎ ጊዜ ላይ ነዎት።»

ይህን ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው ያልኩት። እማማ አየለች በሕይወት እያሉ ባላቸውን በቀብራቸው አስፈራራሁ። ጋሽ ዱካሞ «እሺ» ብለው፣ በዱላቸው መሬቱን እየነኩ ሄዱ። እኔም ገብቼ ራቴን በላሁ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊቀመንበሩ በድምፅ ማጉያ ሰፈሩን ዞሩ። ሰው ዱላውን፣ አካፋውን፣ ቆንጨራውን ይዞ ወጣ። እኔ ሐይቁ ዳር ካለው ሜዳ፣ ከሾላው ዛፍ ሥር ጠረጴዛ አስወጥቼ፣ መዝገቤን ዘርግቼ፣ ሰማያዊና ቀይ እስክርቢቶዬን ጎን ለጎን አስቀምጬ ተቀመጥኩ።

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ፊቴ ያለው ሜዳ ላይ ክምር ሆነ። ሰው ይመጣል፣ ጅራቱን ይዞ ከፍ አድርጎ ያሳየኛል፣ ራይት አደርጋለሁ፣ እሱም ክምሩ ላይ ይወረውረዋል። አረንጓዴ አለ፣ ጥቁር አለ፣ ነጠብጣብ ያለው አለ፣ እንደ እርሳስ የቀጠነም አለ። ሞተ ተብሎ የተጣለው ሲላወስ ደግመው ይቀጠቅጡታል። ሳቅ ነው፣ ጨዋታ ነው፤ ሠርግ ቤት ያለን ነው የሚመስለው። አንዱ ጎረቤታችን ግማሽ ነፍስ ያለው አርጃኖ እየጎተተ መጣ።

«ይሄ እኮ እባብ አይደለም» አልኩት።

«እግር ያለው እባብ ነው፤ መዝግቢው።»

«እግር ያለው እባብ የት አይተህ ታውቃለህ?»

«ሔዋንን ያሳሳታት ጊዜ እግር ነበረው። አንቺ መጽሐፍ ቅዱስ አታነቢም እንዴ?»

ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ስቄ ራይት አደረግኩለት። አርጃኖው ገና ይተነፍስ ነበር።

ስድስት ሰዓት ሲሆን የሰፈራችን እባብ አለቀ። ያልደረሰው ሰው ግን ብዙ ነው፤ ቀይ እስክርቢቶዬም ጠረጴዛው ላይ ናት። ነገሩ መልኩን የለወጠው ያኔ ነው። ሰው ለስሙ ሲል ባጃጅ እየያዘ ወደ ታቦር ተራራ ወጣ፤ ድንጋይ ገለበጠ፣ ጉድጓድ ውስጥ ጭስ ለቀቀ። ሌላው ማዶ ያለውን ቄጠማ በእሳት ለኮሰው። እዚያ ጎጆ የሠሩ ወፎች ከጭሱ በላይ እየጮኹ ሲዞሩ ከወንበሬ ሆኜ ይታየኝ ነበር። ማንንም ነድፎ የማያውቅ፣ ሰው ደጅ ደርሶ የማያውቅ እባብ ለእኔ ራይት ሲባል በጆንያ ተጭኖ መጣ። አቁሙ ማለት የምችለው እኔ ነበርኩ። እኔ ግን «ቀጥል» እያልኩ ስም እጠራ ነበር።

ባለ ሱቁ ከድር ከታቦር አራት ይዞ ተመለሰ። ከድር አፉ ቢቀልድም አንጀቱ ርኅሩኅ ነው።

«እትዬ አስቴር፣ ለእኔ አንዱ ይበቃኛል። አንዱን በጋሽ ዱካሞ ስም ያዢልኝ፤ ሰውዬው ከበሽተኛ ጋር ናቸው።»

«የሰው በሰው አይሆንም ከድር።»

«እባብ እባብ ነው፤ ምን ለውጥ አለው?»

«ለእኔ ለውጥ አለው። ባለቤቱ ራሱ ይምጣ።»

ከድር ራሱን ነቅንቆ አራቱንም ክምሩ ላይ ጣላቸውና ሄደ። እግዚአብሔር በከድር እጅ መውጫ በር ከፍቶልኝ ነበር፤ በገዛ እጄ ዘጋሁት።

ትንሽ ቆይታ ሙሉነሽ መጣች፤ እጇ በፋሻ እንደታሰረ ነው። ክምሩን አንዴ ዞረችው፤ ደገመችና ዞረችው።

«የኔው የለም» አለች።

«ምንሽ?»

«የነደፈኝ። እዚህ ውስጥ የለም። የኔው አጭር፣ ወፍራም፣ እፉኝት ነው። ይሄ ሁሉ ቀጫጭን ምን አደረገ?»

«ዝም በይ እባክሽ ሙሉነሽ! ይሄ ሁሉ ሰው የለፋው ላንቺ ነው» አልኳት። ቅስሟ ተሰብሮ ሄደች። አባ ኮዳ የምንላቸው የሐይቁ ትልልቅ ወፎች በዚያ ረጅም እግራቸው እየተጎማለሉ ክምሩን መክበብ ጀምረው ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመዝጊያው ሰዓት ደረሰ። ገጹን ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ ከአንድ ስም በቀር ሁሉም ሰማያዊ ነው። ቀዩን እስክርቢቶ አነሳሁ። ወዲያው ሰው ገለል ገለል ሲል ቀና ብዬ ሳይ ጋሽ ዱካሞ እየመጡ ነው። ዱላቸውን አልያዙም። የዱቄት ጆንያ በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አቅፈዋል።

«አልዘጋሽም?» አሉኝ።

«እርስዎ ብቻ ነዎት የቀሩት።»

ጆንያውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡና አፉን ፈቱት። ቡናማ ናት፣ ቀጭን ናት፤ እንዳሉኝ ናት። ከጆንያው ወጣች፤ ግን አልሸሸችም። እግራቸው አጠገብ ተጠቅልላ ተቀመጠች። መሐሏ ላይ ወፈር ብላለች። ሰው ሁሉ እየጮኸ ወደ ኋላ ሸሸ፤ እሳቸው ብቻ አጠገቧ ቆሙ።

«ደንቡ እኮ የተገደለ ነው የሚለው» አልኩ። ይህንንም ያልኩት እኔ ነኝ።

«አልቻልኩም። ከጠዋት ጀምሬ ሞከርኩ። ዱላ አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። ደግሜ አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። አንቺ ግደያት።»

«እኔ?»

«ራይት የምታደርጊው አንቺ ነሽ።»

አንዱ ጎረምሳ ዱላውን ይዞ «እኔ ልጨርሳት» ብሎ ሲቀርብ ጋሽ ዱካሞ በእጃቸው ከለከሉት። ዓይናቸውን ከእኔ አልነቀሉም። ሰዉም ያየኛል፣ ሊቀመንበሩም ያዩኛል። እንግዲህ ፍረዱኝ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ቀላል ነገር ቀርቦልኝ አያውቅም። ሰማያዊውን አንስቼ ራይት አድርጌ «ይዘዋት ይሂዱ ጋሽ ዱካሞ» ማለት ብቻ ነበር። ማንም አይከራከረኝም ነበር። እኔ ግን አስቴር በሰው ፊት ፈራች፣ አስቴር ደንቧን ሻረች እንዳይባል ብዬ ተነሳሁ። አካፋ ተቀበልኩ።

የመጀመሪያውን ጭንቅላቷን ስቼ ሆዷን መታሁት። ሁለተኛው ገደላት። ሆዷ ተከፍቶ እንቁላሎች ወጡ፤ ነጫጭ፣ ረዘም ረዘም ያሉ፣ ለስላሳ። ልማድ ሆኖብኝ ቆጠርኳቸው። ዘጠኝ ናቸው።

ጋሽ ዱካሞ አላለቀሱም፤ አልተቆጡም። በሲዳሙ አፎ አንድ ነገር ለራሳቸው አጉተመተሙ። ከዚያ «አሁን አድርጊ» አሉኝ። ሰማያዊውን አንስቼ ራይት አደረግኩ። ባዶውን ጆንያ አራግፈው፣ በሥርዓት አጥፈው፣ ብብታቸው ውስጥ ከትተው ሄዱ። ሊቀመንበሩ በድምፅ ማጉያ «ለጸሐፊያችን ሞቅ ያለ ጭብጨባ» ሲሉ ጀርባቸውን ገና እያየሁ ነበር።

አይጦቹ የመጡት ቀስ ብለው ነው። መጀመሪያ የዱቄት ዕቃዬ ዳር ተበልቶ አገኘሁ። ቀጥሎ የቴሌቪዥኑ ገመድ ተቆረጠ። ከድር ሱቅ የብስኩት ካርቶን ሁሉ ተቦረቦረ። ጥቂት ሳምንት ሳይሞላ በቀትር በአጥሩ ላይ ሲሯሯጡ ማየት ጀመርን። ወይ ጉድ! ሰው አሁን ደግሞ በአይጥ ላይ ዘመተ፤ ሁሉም መርዝ ገዝቶ በየጥጉ በተነ። አይጡ በየቱቦው ሞተ፤ የሞተውን የበላች ድመት ሞተች፤ ሾላው ላይ ስትጮህ የምናውቃት ጉጉት ከሥሩ ክንፏን ዘርግታ ተገኘች። ሐይቁ ዳርም አባ ኮዳ ሞቶ አየን። አይጡ ግን አላለቀም።

ጋሽ ዱካሞን አላሰብኳቸውም? አስቤአለሁ። በየቀኑ በበራቸው አልፋለሁ። «ነገ ገብቼ እጠይቃቸዋለሁ» እላለሁ፤ ነገ ሲሆን ፈርቼ አልፋለሁ። ምን ብዬ ልግባ? ማፈሬ ከሌላው ጥፋቴ የባሰ ሆነ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ለሥራ ስወጣ በሬ ላይ ቆመው አገኘኋቸው፤ ልክ እንደዚያ ዓርብ። «አስቴርዬ፣ ነይ» አሉ። ምን ሆነ ብዬ አልጠየቅኩ። ቦርሳዬን እንደያዝኩ ተከተልኳቸው።

ቤቱ ተጠርጎ ጸድቷል። እማማ አየለች ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«ውይ አስቴር! ዛሬስ እንዴት መጣሽልን? ዱካሞ፣ ወንበር ስጣት እንጂ።»

ጋሽ ዱካሞ ወንበር አላመጡም። በእግርጌ በኩል ሄደው የብርድ ልብሱን ጫፍ ገለጡት። አንሶላው ደም ሆኗል። ከእማማ አየለች ቀኝ እግር ጣቶች የሁለቱ ጫፍ የለም። ተረከዛቸው በትንንሽ ጥርስ ተፍቋል። አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። እማማ አየለች ግን አንዴ እኔን፣ አንዴ ባላቸውን ያያሉ፤ የተነሳው ብርድ ልብስ እግራቸውን ጋርዶባቸዋል።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አሉ። «እግሬ ቆሽሿል እንዴ? አዬ፣ ዱካሞ ትናንት አጥቦኝ ነበር እኮ።»

ምንም አላመማቸውም። ምንም አላወቁም። ጋሽ ዱካሞ በዚያ ዓርብ በሬ ላይ የነገሩኝን ነገር አሁን በዓይኔ አየሁት።

ከድርን ጠርቼ በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድናቸው። ሐኪሞቹ የቻሉትን አደረጉ። ስኳር ያለበት ሰው ቁስል እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ቁስሉ አመረቀዘ፣ ወደ ላይ ወጣ። ሥራዬን ትቼ አጠገባቸው ሰነበትኩ። ሁለት ጊዜ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። «አንቺ ልጅ እንዴት ደግ ነሽ» ሲሉኝ መልሼ ዘጋሁት። በሳምንቱ አረፉ።

ዕድሩ ማንንም ቀብሮ በማያውቅበት ድምቀት ቀበራቸው። ድንኳኑ ተተከለ፣ ወንበሩ ተደረደረ፣ መዘምራኑ መጡ፣ ሬሳውን ለማንሳት ትከሻ ተሻማ። የጋሽ ዱካሞ ስም መዝገብ ላይ ነበረዋ! በሦስተኛው ቀይ ፋንታ ሰማያዊ ራይት ነበራቸው። የራይቱን ዋጋ የምናውቀው ግን እኔና እሳቸው ብቻ ነን።

መቃብሩ ላይ እንደ ወጉ ስም መጥራት ነበረብኝ። ሐዘንተኛ ስሙ አይጠራም፤ ይዘለላል። አውቃለሁ። ግን ዓይኔ እንባ ሞልቶ፣ በቤት ቁጥሩ ተራ እያነበብኩ ስወርድ «ዱካሞ» አልኩ። ሰው ሁሉ ደንግጦ ዞረ። ሊቀመንበሩ ክንዴን ያዙኝ። ጋሽ ዱካሞ ከተቀመጡበት ቀና ብለው አዩኝ።

«አለሁ» አሉ። «እኔ አለሁ። እሷ ናት የሌለችው።»

ሰው እማማ አየለችን ማለታቸው መስሎት አለቀሰ። እኔ ግን ማንኛዋን እንደሆነ አላወቅኩም። በሰፈራችን ልማድ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም።

በሚቀጥለው ስብሰባ መዝገቡን አስረከብኩ፤ በዚያ ዓርብ ከጋሽ ዱካሞ ጋር የተባባልነውንም አንድ ሳላስቀር ለሰው ተናገርኩ። የሚያጽናናኝ በዛ። «አይጥ የማይገባበት ቤት የለም፤ አታካብጂው» አሉኝ። «ዕድሜያቸው ነው» ያሉኝም አሉ። እናንተም ይህን የምታነቡ እንዲህ ልትሉኝ ትችላላችሁ፤ ግን ይቅርባችሁ። እኔ ያልተነገረኝን ነገር አይደለም ያጠፋሁት። የቤቱን ነገር የሚያውቅ ሰው በሬ ድረስ መጥቶ ለምኖኝ፣ በእጄ እስክርቢቶ ስለያዝኩ ብቻ ከእሱ የበለጠ ያወቅኩ መሰለኝ። እናንተም ሰፈር አንድ ቀን ዘመቻ ይጠራ ይሆናል። የሚቆጠር ነገር ይምጣ የምትል እንደ እኔ ያለች ሴትም አትጠፋም። ያን ጊዜ እባካችሁ አታጨብጭቡላት፤ ምን ልታጠፋ እንደሆነ ጠይቋት። ሙሉነሽን የነደፋት እፉኝት እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሽ ዱካሞ ቤት ሄጄ ልብሳቸውን አጥባለሁ፣ ቤቱን እጠርጋለሁ። አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዘንድሮ ዝናቡ ሲጀምር ከጓሮ ያለው ዕቃ ቤቴ ውስጥ ከሰል ላወጣ ስገባ ከጆንያው ኋላ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ቡናማ ናት፣ ቀጭን ናት። ልጮህ ብዬ አፌን ያዝኩ። ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ነጠላዬ እየወደቀ ወደ ጋሽ ዱካሞ ሮጥኩ።

«ጋሽ ዱካሞ፣ ይምጡ! እኔ ቤት ገብታለች! አልነካኋትም!»

ዱላቸውን ይዘው ተከተሉኝ። በሩ ላይ ጎንበስ ብለው አዩ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ እንደ ተማሪ ማርኬን እጠብቃለሁ። እስኪናገሩም አላስቻለኝም።

«ያው ናት አይደል? ቀለሟም ያው፣ ቅጥነቷም ያው። ምናልባት የእሷ ዘር ትሆን ይሆናል። አላስወጣትም፤ እዚሁ ትኑር። አይደል ጋሽ ዱካሞ?»

ረጅም ጊዜ ተመለከቷት። ከዚያ ወገባቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተቃኑ።

«ትኑር» አሉኝ። «ግን ይህቺ ሌላ ናት።»